ስሙ ሞንቴሶሪ፣ ግብሩ ሽምደዳ

ከጦር ኃይሎች እስከ አየር ጤና፣ ከቤቴል እስከ ዓለም ባንክ በእግሩ የሚሄድ ሰው የአፀደ ሕፃናት ሰሌዳ ሳያይ ብዙ አይራመድም። ግቢው ብዙውን ጊዜ መኖሪያ ቤት የነበረ ነው፤ አጥሩ ላይ ጥንቸልና ቀስተ ደመና ተስሏል፤ ከሥዕሉ በላይ ስሙ በትልልቅ ፊደል ተጽፏል። ከእነዚህ ስሞች መካከል አንድ ቃል ገበያ ወጥቶለታል፤ «ሞንቴሶሪ» የሚለው። ቃሉን የለጠፈ ሁሉ ዋጋውን ከፍ ለማድረግ ምክንያት ያገኘ ይመስለዋል። ወላጅም «ልጄን ሞንቴሶሪ አስገባኋት» ሲል አንገቱ ቀና ይላል። ምን ማለት እንደሆነ ሲጠየቅ ግን «በፈረንጅ ሥርዓት ነው የሚያስተምሩት፤ እንግሊዝኛቸውም ጥሩ ነው» ብሎ ያልፈዋል።

እኔ የምለው እንዲህ ነው፤ ስሙን ገዝተን ነገሩን በር ላይ ጥለነዋል። ለድሃ ልጆች የተወለደውን ትምህርት የባለጸጋ ጌጥ አድርገነዋል። ለእጅና ለዐይን የተሠራውን የአፍ ሽምደዳ አድርገነዋል። በልጁ በራሱ ቋንቋ የተጀመረውን የእንግሊዝኛ መለማመጃ አድርገነዋል። ለዚህ ጥፋት ባለ ትምህርት ቤቱም፣ ከፋዩ ወላጅም፣ ተቆጣጣሪውም ድርሻ አላቸው። የሚጎዳው ግን አቤት ለማለት አፉ ያልፈታው የአራት ዓመት ሰው ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ማሪያ ሞንቴሶሪ እ.ኤ.አ. በ1870 በጣሊያን የተወለደች፣ በ1896 ከሮም ዩኒቨርሲቲ በሕክምና የተመረቀች ሐኪም ነበረች። ሥራዋን የጀመረችው «አእምሯቸው ዘገምተኛ ነው፤ አይማሩም» ተብለው ከተጣሉ ሕፃናት ጋር ነው። ከዚያ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 6 ቀን 1907 ሳን ሎሬንዞ በሚባለው የሮም የድሆች ሰፈር የመጀመሪያውን «የልጆች ቤት» ከፈተች። አከፋፈቱ ለእኛ ሰፈር ሰው ሩቅ ታሪክ አይደለም። አንድ የቤት ድርጅት የተጎዱ ሕንፃዎችን አድሶ ለሠራተኛ ቤተሰቦች አከራየ። እናትና አባት ሲነጋ ለሥራ ይወጣሉ፤ የቀሩት ሕፃናት ደረጃውንና ግድግዳውን ያበላሻሉ። ድርጅቱ ግድግዳ ከማስጠገን ሕፃናቱን የሚይዝ ሰው መፈለጉ እንደሚሻል አሰበና ከሕንፃው አንድ ክፍል ለቀቀ። ዓለም ዛሬ በውድ የሚገዛው ዘዴ የወጣው ከዚያ ክፍል፣ ከሃምሳ ከማያንሱ የድሃ ልጆች ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ደግሞ የሚከተለው ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ሙሶሊኒ በ1920ዎቹ የሴትዮዋን ትምህርት ቤቶች ይደግፍ ነበር። እያደር ግን ተጣሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1934 ግንኙነታቸው ጨርሶ ተቋርጦ ትምህርት ቤቶቿ በአገሯ ተዘጉ። በማግስቱ ዓመት፣ በ1935፣ የዚያው ሰው ጦር መረብን ተሻገረ። በራሱ አስቦ የሚሠራ ልጅ ማንን እንደማይመቸው ለማወቅ እነዚህን ሁለት ዓመታት ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃል።

ስሙ ግን ባለቤት የለውም። በአሜሪካ ክርክር ተነስቶበት እ.ኤ.አ. በ1967 ቃሉ የአንድ ዘዴ መጠሪያ ስለሆነ አንድ ድርጅት ብቻውን የንግድ ምልክቱ ሊያደርገው እንደማይችል ተወሰነ። ስለዚህ ማንም ቢጽፈው ከልካይ የለም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ በእኛ ሰፈር ግን ስም የሚያወጣው ሰሌዳ ጸሐፊው ነው። ልዩነቱ ደግሞ የስም ብቻ አይደለም። አንጀሊን ሊላርድ የተባለች አሜሪካዊት የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2012 ባወጣችው ጥናት ዘዴውን በታማኝነት የያዙ ክፍሎችን፣ መሣሪያውን ከመልመጃ ወረቀትና ከሌላው ነገር ጋር የቀላቀሉ ክፍሎችን፣ እንዲሁም ተራ ክፍሎችን አወዳድራ ነበር። በትምህርት ዓመቱ ውስጥ የላቀ መሻሻል ያሳዩት በታማኝነት የያዙት ክፍሎች ልጆች ናቸው። የተቀላቀለው ወተት ውሃ እንደበዛበት በልጆቹ ላይ ታየ ማለት ነው።

አሁን ወደ ክፍሉ ልግባ። ልጄ አራት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። የሚውለው እዚሁ ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ፣ ስሙን መጥራት በማያስፈልገኝ አንድ አፀደ ሕፃናት ነው። ቤቱ ከብዙዎቹ የተሻለ ስለሆነ ነው የማነሳው፤ መጥፎውን መተቸት ቀላል ነው። አንድ ቀን ጠዋት ጥግ ላይ ባለች ዝቅተኛ ወንበር ተቀምጬ እንድመለከት ተፈቀደልኝ። ትእዛዙ አጭር ነበር፤ «አይናገሩ፤ አይርዱ»።

ልጄ ትንሽ አየኝና ረሳኝ። ከመደርደሪያው ሁለት ትንንሽ ማንቆርቆሪያ የተቀመጡበትን ትሪ በሁለት እጁ አነሳ፤ ዐይኑን ከውሃው ሳይነቅል ጠረጴዛው ድረስ አመጣው። ከአንዱ ወደ ሌላው ቀዳ። ፈሰሰበት። ከወንበሬ ብድግ ልል ስል መምህርቷ በእጇ «ይቆዩ» የሚል ምልክት ሰጠችኝ። ልጁ ሄዶ ከተሰቀለበት ጨርቅ አመጣ፤ ጠረገ፤ ጨመቀ፤ መልሶ ሰቀለ። እንደገና ቀዳ፤ እንደገና ፈሰሰ፤ እንደገና ጠረገ። ዘጠኝ ጊዜ ቆጥሬያለሁ። በዘጠነኛው ጠብታ አልወደቀም። ማንም «ጎበዝ» አላለውም፤ ማንም አላጨበጨበለትም፤ እሱም ዞር ብሎ አጨብጫቢ አልፈለገም። ትሪውን ወደ ቦታው መለሰና ወደ ሌላ ሥራ ሄደ።

ከእሱ ወዲያ አንዲት አምስት ዓመት የሚሆናት ልጅ ለአንድ የሦስት ዓመት ሕፃን በእንጨት ፍሬም ላይ የተወጠረ ጨርቅ ቁልፍ እንዴት እንደሚቆለፍ ታሳየዋለች። ሌላው አሥር የእንጨት ሙዳዮችን በየቀዳዳቸው ይከታል፤ አንዱን ያለ ቦታው ካገባው የመጨረሻው አልገባ ይለዋል። ስህተቱን የሚነግረው እንጨቱ እንጂ መምህርቷ አይደለችም። ሙዳዩ እራሱ ላይ ትንሽ እጀታ አለው፤ ልጁ በሦስት ጣቱ ይይዘዋል። እርሳስ የሚያዘውም በእነዚያው ሦስት ጣቶች ነው። ዕቃ ማመላለስ የሚመስለው ጨዋታ እጅን ለጽሕፈት፣ ዐይንን ለልክ፣ ልቡናን ለትዕግሥት የሚያዘጋጅ ሥራ ነው። የሦስት ዓመት ሕፃን ጣቱ ሳይጠና እርሳስ አስጨብጦ አንዲት ፊደል ገጽ ሙሉ ማስገልበጥ ግን ፊደልን ማስጠላት ነው።

እኩለ ቀን ላይ በር ላይ ቆመናል። አንዲት እናት ልጇን እቅፍ አድርጋ «ዛሬ ምን ተማርሽ የኔ እናት?» አለቻት። «ቁልፍ ቆለፍኩ!» እናትየው ወደ እኔ ዞረች፤ «ይሰማሉ? ለዚህ ነው እንግዲህ ይህን ሁሉ ብር የምንከፍለው!» በወላጆች ስብሰባም የተሰማው ይኸው ነበር። «የጎረቤቴ ልጅ ኤ ቢ ሲ ዲ ጨርሶ የቤት ሥራ እያመጣ ነው፤ የኔዋ ግን ውሃ ትቀዳለች።» «አንደኛ ክፍል መግቢያ ፈተና ሲመጣ ምን ሊሆኑ ነው?» ባለቤቱ ጥቂት ተከራከሩና ዝም አሉ፤ ደንበኛ እንዳይሸሽ ፈርተዋል። ከዚያ ስብሰባ በኋላ የመልመጃ ወረቀት መጣ፤ የውሃው ትሪ ሰዓት አጠረ። ሰሌዳው ላይ ያለው ቃል ግን እንደተጻፈ ነው።

በነዚህ ወላጆች መፍረድ ይቀላል፤ ነገር ግን ፍርሃታቸው ከሜዳ አልመጣም። አንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች የስድስት ዓመት ልጅ ፈትነው ይቀበላሉ፤ በሩ ላይ ፈተና ካለ ወላጅ ለፈተናው መሮጡ አይቀርም። ሕፃንን በጽሑፍ ፈትኖ መመለስ ነውር መሆኑን የሚናገር ተቆጣጣሪ ቢኖር የአፀደ ሕፃናቱ ሽምደዳ ግማሹ በራሱ ጊዜ ይወድቅ ነበር። ሌላው ግማሽ የእኛው ነው። በከተማ ቤታችን ልጅ «ተው ይሰበራል!» እየተባለ ያድጋል። ጫማውን የምታስረው፣ ውሃውን የምትቀዳው፣ የወደቀውን የምታነሳው ራሷ ገና ልጅ ሳለች ከገጠር የመጣች ሠራተኛ ናት። እሷ በአራት ዓመቷ እንስራ ጎን ቆማ ውሃ ስትቀዳ አድጋለች፤ የእኛ ልጅ በስድስት ዓመቱ እጁን ዘርግቶ ይለበሳል። የእሷን ጉስቁልና ማወደሴ አይደለም። ግን ከሁለቱ አንዱን ሥራ ጎድቶታል ስንል ሌላውን ሥራ ማጣት እንደጎዳው ማየት ተስኖናል።

ከሁሉም በላይ ያሳዘነኝን ገና አልተናገርኩም። ያን ዕለት ረፋዱ ላይ መምህርቷ ከብርጭቆ ወረቀት ተቆርጦ በሳንቃ ላይ የተለጠፈ የእንግሊዝኛ «ቢ» አወጣች። ልጄ ሸካራውን ፊደል በጣቱ ተከተለና «ብ» አለ። በዚህ ድምፅ የሚጀምር ምን እንደሚያውቅ በእንግሊዝኛ ጠየቀችው። ጥያቄው ገብቶታል፤ ዐይኑ በራ፤ «በግ! ቡና! በር!» አለ። እሷም በለሰለሰ ድምፅ «ኢንግሊሽ ፕሊስ» አለችው። ልጁ ዝም አለ። ጣቱን ከፊደሉ ላይ አነሳ። ስምንት ጊዜ የፈሰሰ ውሃ ያልበገረው ልጅ በሁለት ቃል ተበገረ።

በመምህርቷ አልፈርድም፤ የቤቱ ሕግ ነው። ሕጉ ግን መወቀስ አለበት። ሦስቱም መልሶች ትክክል ነበሩ። ልጁ ድምፅን ከድምፅ ለይቷል፤ የማንበብ ሥር ይኸው ነው። ትምህርት ቤቱ ግን «የምታውቀው ዕውቀት አይደለም» አለው። ሳን ሎሬንዞ የሚገኙት የሠራተኛ ልጆች ፊደል የቆጠሩት እናታቸው በምትናገረው ጣሊያንኛ ነው፤ በላቲንም በፈረንሳይኛም አይደለም። የእኛም አገር የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው መማሩ የሚሰጠውን ጥቅም ተቀብሎ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በብሔር ብሔረሰቦች ቋንቋ እንዲሰጥ ወስኗል። የሰባት ዓመቱ ልጅ የተከበረለትን ከአራት ዓመቱ የምንነጥቀው በምን አግባብ ነው? በኮልፌ ቤት ለቤት ብንሄድ አማርኛ፣ ስልጥኛ፣ ጉራጊኛና ኦሮምኛ እንሰማለን፤ እንግሊዝኛ ግን የማንም እናት የእሹሩሩ ቋንቋ አይደለም።

«እንግሊዝኛ እንጀራ ነው» የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ የሚማሩት በእሱ ነው፤ ልጄም እንዲያውቀው እሻለሁ። ግን እንጀራ የሚጋገረው ምጣዱ ከሰማ በኋላ ነው። በራሱ ቋንቋ ማሰብ፣ መጠየቅና መከራከር የለመደ ልጅ ሌላ ቋንቋ ሲጨምር ያተርፋል፤ በሁለቱም እያሰበ ዝም የሚል ልጅ ግን ከሁለት ያጣ ነው። መዝሙርም ተረትም በእንግሊዝኛ ይጨመርለት፤ በቋንቋው የመለሰውን መልስ ግን አንድ አዋቂ መልሶ ወደ አፉ አይክተትበት።

ደግሞ ፊደላችን ለዚህ ዘዴ የተመቸ ነው። እንግሊዝኛ የሚማር ልጅ ሦስት ድምፅ ለየብቻ ጠርቶ እንደገና ማጣበቅ አለበት፤ አማርኛ ላይ «አባት» ለማለት አ፣ ባ፣ ት ብሎ ሦስት ሰሌዳ ቢደረድር ቃሉ ተጻፈ። «ፊደላችን ብዙ ነው፤ ሠላሳ ሦስት በሰባት ሲባዛ 231 ነው» ይባላል። አዎን፤ ነገር ግን ለጣት ሥርዓት አለው። ካዕቡ በብዙዎቹ ከወገቡ በስተ ቀኝ ቅጥያ ያወጣል፤ ሉ፣ ሙ፣ ቡ። ኃምሱ በቀኝ እግሩ ቀለበት ያጠልቃል፤ ሌ፣ ቤ፣ ሴ። ከሥርዓቱ የሚወጡ አሉ፤ በተለይ ሳድሱ ያስቸግራል። ቢሆንም ይህን ሥርዓት በሸካራ ፊደል ላይ በጣቱ ያገኘ ልጅ በጩኸት ከተነገረው ልጅ ይልቅ የራሱ ያደርገዋል። ይህን ሠርቶ ለገበያ ማቅረብ የአናጺና የመምህር ሥራ ነው፤ የፈረንጅ እጅ አይጠብቅም።

«ይህ ሁሉ የነጭ ቅንጦት ነው» ለሚለውም መልስ አለኝ። የኔታ ዘንድ የተማረ ሰው ግማሹን ያውቀዋል። የኔታ ቤት ታናሽና ታላቅ ባንድ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፤ ዳዊት የሚደግመው ፊደል ቆጣሪውን ያስቆጥራል፤ ልጁ ፊደሉን በስንደዶ እየጠቆመ በራሱ ፍጥነት ከሀሁ ወደ አቡጊዳ ይሻገራል እንጂ «ክፍሉ ስለጨረሰ ጨርሰሃል» አይባልም። በቁርኣን ቤትም ልጁ የራሱን ሎሕ ይዞ በራሱ እርምጃ ይሄዳል። አለንጋውንና ያለ ትርጉም ቃል ማነብነቡን አልሸፍንም፤ ለእነሱ አልከራከርም። ግን ዕድሜ የተቀላቀለበት ክፍልና በየራሱ ፍጥነት መሄድ ለዚህች አገር እንግዳ አይደሉም። እንግዳውስ አርባ የአራት ዓመት ልጆችን በእድሜ ለይቶ፣ በመስመር ደርድሮ፣ ባንድ አፍ ማስጮኹ ነው።

ዋጋውስ? ከውጭ በመርከብ የሚመጣው ዕቃ ውድ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ከ1 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሄዱ አሥር ኩቦችን አስተካክሎ የሚቆርጥ አናጺ መርካቶ አይጠፋም። የብርጭቆ ወረቀት በየቀለም መሸጫው አለ። ምስር ከሲኒ ወደ ሲኒ ለመገልበጥ፣ ጤፍ በወንፊት ለመንፋት፣ ቀሚስ ለመቆለፍ ጉምሩክ አያስፈልግም። ጋንዲ እ.ኤ.አ. በ1931 ለንደን ላይ የሞንቴሶሪን ማሠልጠኛ ሲጎበኝ ያነሳው ይህንኑ ነበር፤ ትምህርቱ ለባለጸጋ ልጆች ብቻ ሳይሆን ለድሃውም ልጅ እንዲደርስ ያለውን ተስፋ ገለጸ። እሷም እ.ኤ.አ. በ1939 ሕንድ ሄዳ፣ በጦርነቱ ምክንያት እስከ 1946 ድረስ እዚያው ቆይታ ከሺህ በላይ መምህራን አሠለጠነች። በአሜሪካ ሃርትፎርድ ከተማ በመንግሥት ሞንቴሶሪ ትምህርት ቤቶች በዕጣ የገቡ ሕፃናት ላይ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ጥናት ደግሞ በድሃና በባለጸጋ ቤተሰብ ልጆች መካከል ያለው የትምህርት ውጤት ልዩነት እየጠበበ መሄዱን አሳይቷል። ለድሃ የተሠራ ነገር የሚጠቅመው ድሃን መሆኑ ሊያስገርም አይገባም።

ታዲያ ምን ይደረግ? አንደኛ፤ በሰፈራችን ኮንዶሚኒየሞች አሉ፤ ከሕንፃዎቹ ጋር የጋራ መጠቀሚያ ቤቶች ተሠርተዋል። የማይሠራበት ካለ አንዱ ለሕፃናት ይለቀቅ። ሳን ሎሬንዞም የሆነው ይኸው ነው፤ እናት ከላይ ትኖራለች፣ ልጅ ከታች ይውላል፣ ስትፈልግ ወርዳ ታየዋለች። ሁለተኛ፤ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2010 የቅድመ ልጅነት ማዕቀፍ አውጥቶ «ዜሮ ክፍል» በየመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ማስፋፋት ጀምሯል። ክፍሉ ተገኝቷል ማለት ነው፤ እዚያ አንደኛ ክፍልን አሳንሶ ከመድገም ትሪ፣ ምንጣፍና ሸካራ ፊደል ይግባበት፤ መምህርቷም ዝም ብላ ማየትን ትሠልጥን። ሦስተኛ፤ ተቆጣጣሪው የመጸዳጃ ቤቱን ቁጥርና የግቢውን ስፋት ሲመዘግብ ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ቃል ክፍል ውስጥ መኖሩንም ይመዝግብ።

አራተኛው የእኛ የወላጆች ነው፤ ገንዘብም አይጠይቅም። ከመመዝገባችሁ በፊት አንድ ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ለመቀመጥ ጠይቁ። ከከለከሏችሁ መልሱን አግኝታችኋል። ከፈቀዱላችሁ ግድግዳውን ተዉትና ልጆቹን እዩ። የሦስትና የአምስት ዓመት ልጆች አብረው ይሠራሉ? ልጁ ሥራውን መርጦ፣ ሳያቋርጡት፣ እስኪበቃው ድረስ ይዞት ይቆያል? መምህርቷ ድምፅዋ ከልጆቹ በላይ ነው ወይስ በታች? ልጁ በእናቱ ቋንቋ ሲመልስ ፊቷ ላይ ምን ይታያል? እነዚህን አራት ነገሮች ያየ ወላጅ የሰሌዳ ጸሐፊ አያታልለውም።

ባለ ትምህርት ቤቶችም ከሁለት አንዱን ይምረጡ። ወይ ቃሉን ከአጥሩ ላይ ይፋቁት፤ ቀለም መሸጫው ቅርብ ነው። ወይ ደግሞ ደፍረው ወደ ክፍሉ ያስገቡት፤ ወላጅ ቢቆጣም፣ የመልመጃ ወረቀቱ ቢቀርም፣ ልጁ ማታ ቤቱ ገብቶ «ዛሬ ውሃ ቀዳሁ» ቢል እንኳ። ሀገር የሚያፈስ ሰው እንጂ ሳያፈስ የሚቀዳ ሰው መቼ ሞልቷት ያውቃል?